የሥራዎን ይስጥዎ

ጠላፊዋ ነው የሚሏት። ሰው አግታ የጠፋች እንዳይመስላችሁ፤ ሥራዋ ጥልፍ ነው፣ መርፌና ክር። እርግጥ የሰው እግር ጠልፎ መጣልም መጥለፍ ይባላል። ይኼኛውን ግን ሃምሳ አምስት ዓመት እስኪሞላት ሞክራው አታውቅም፤ አንድ ሰው እሷ ላይ ሲሠራው አይታ ነው የተማረችው።

ነገሩ የተነሳው ዓይን ሐኪም ቤት ነው። ሐኪሙ ልጅ እግር ነው፤ ማለዘብ የሚባል ነገር አልፈጠረበትም። «ግራው አልቋል» አላት፣ መብራቱን ከዓይኗ ላይ እያነሳ። «ቀኙም እየሄደ ነው። ጠብታው ያዘገየዋል እንጂ አያቆመውም። አንድ ዓመት ካገኘን ጥሩ ነው። ስለዚህ እናቴ፣ ማየት የሚፈልጉት ነገር ካለ ቶሎ ይዩ።»

ሌላ ሰው ቢሆን ባሕር ያምረው ነበር፤ ወይ የናፈቀው ዘመድ፣ ወይ ያደገበት ቤት። እሷ ግን እዚያው ወንበር ላይ እንደተቀመጠች፣ ጠብታው ጉንጯ ላይ እየወረደ፣ ትዝ ያላት የመቀስ ፊት ነው። የመቀስ ፊት ሲያፍር። ሲገረጣ፣ ከንፈሩ ሲደርቅ፣ የሚገባበት ሲጠፋው። ከአሥራ ዘጠኝ ዓመት በኋላ እኮ ነው! እኔ ስሰማ ገርሞኛል፤ እሷን ግን ምንም አልገረማት።

መቀስ የልብስ ስፌት ድርጅቱ የጥልፍ ክፍል ኃላፊ ነው። መቀስ ከደረት ኪሱ ስለማይለይ ነው እንዲህ ያሉት፤ ፊት ለፊት ግን «ጋሼ» ነው የሚባለው። ጠላፊዋ እዚያ ስትሠራ፣ ሰዓት ሞልቶ ሌሎቹ ወደየቤታቸው ሲሮጡ፣ እሷ መስኮቱ ሥር እየቀረች አንድ የግድግዳ ጥልፍ ትሠራ ነበር። የእናቷ ግቢ ነው፤ አንድ ትልቅ ዛፍ፣ ዛፉ ላይ ወፎች። ቅጠሉ ብቻ አርባ ዓይነት አረንጓዴ ነበረው፤ ክሩን ራሷ ነበረች ቀለም እየነከረች የምታዘጋጀው። ሁለት ዓመት ፈጀባት። የጨረሰችው ቀን ጠረጴዛ ላይ ዘረጋችውና ጓደኞቿ ከበቧት፤ አንዷማ አለቀሰች።

መቀስ መጣ። መጀመሪያ ገልብጦ ጀርባውን አየ፤ ልማዱ ነው፣ ጥልፍ የሚመረምረው ከጀርባው ነው። አንድ ቋጠሮ አላገኘም። «ስንት ጊዜ ፈጀ?» አለ። «ሁለት ዓመት» አለችው፣ ሊያመሰግናት መስሏት። «ድካሙን አያወጣም» አለ። «የወንበር ትራስ ጎድሎናል፣ ትእዛዙ ነገ ነው የሚወጣው።» ከዚያ መቀሱን መዘዘና፣ እዚያው፣ ዓይኗ እያየ፣ ዛፉን ከመሃል ሰነጠቀው። አሥራ ሁለት ትራስ ወጣው። አሥራ አንዱ ተላከ። አንደኛውን፣ ከወፎቹ አንዷ ያለችበትን፣ ለራሱ ወንበር አደረገውና ተቀመጠበት።

ቱ! እንዲህ ያለ ሰው ምን ይባላል? እሷ ምንም አላለችም። በወሩ ሥራውን ለቀቀች፤ ከዚያ በኋላ ቤቷ ቁጭ ብላ እየጠለፈች ኖረች። የጥልፏ ጀርባ ላይ ቋጠሮ የለም ብያችኋለሁ፤ ቋጠሮው ሁሉ ሆዷ ውስጥ ነበር። ቂም ስትቋጥር እንዲህ ናት።

ከሐኪም ቤት ስትመለስ የተባለችውን ለእህቷ ነገረቻት። እህቷ ታላቋ ናት፤ ባሏ ከሞተ ወዲህ ሁለቱ አንድ ቤት ነው የሚኖሩት። «እትዬ» ነው የምትላት። እትዬ አለቀሰች፣ እንባዋን በቀሚሷ ጫፍ ጠረገችና ወዲያው ወደ ቁም ነገሩ ገባች። «ልጃችን ሦስት ወር ነው የቀራት» አለች። «መጠቅለያውን ዛሬውኑ ጀምሪላት፣ ዓይንሽ ሳይደክም።»

ልጃችን ያለቻት የራሷን ልጅ ነው። እትዬ ወለደቻት፣ ጠላፊዋ አሳደገቻት። እትዬ ሱቋ ስትውል ልጅቷ የአክስቷ እግር ሥር ተቀምጣ ክር እያቀበለች ነው ያደገችው። አሁን አግብታ የመጀመሪያ ልጇን አርግዛለች። ጥርስ ሳታወጣ ጀምሮ ማለት ይቻላል፣ አንድ የማትለቀው ነገር ነበራት፤ «እኔ ስወልድ አንቺ በጠለፍሽው ጨርቅ ነው የምጠቀልለው» ትላለች። ጠላፊዋ «እሺ» አለች፤ ከልቧ ነው ያለችው። በማግስቱ ሁለቱ ወጥተው ነጭ ጨርቅ ገዙ፣ ለሕፃን ገላ የሚሆን፣ ልስልስ ያለ። እትዬ አጥባ፣ ተኩሳ፣ አጣጥፋ ቁም ሳጥኑ ውስጥ አስቀመጠችው።

ሐሙስ ዕለት የድርጅቱ አዲሷ ሥራ አስኪያጅ መጣች። ድሮ የጠላፊዋ ተማሪ ነበረች፤ መርፌ አያያዝ ያሳየቻት እሷ ናት። ወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀመጠች። «መምህሬ» አለች፣ «ጋሼ ጡረታ ሊወጡ ነው። ሠራተኛው የግድግዳ ጥልፍ ይሰጣቸው ብሏል። እኛ ጋ ያሉት ማሽን እንጂ እጅ የላቸውም። እምቢ ቢሉኝ አልቀየምም፣ የሆነውን ሰምቻለሁ።»

«አይሆንም በያት!» አለች እትዬ ከጓዳ። ጆሮዋ ጓዳ አይከለክለውም።

«ምን ይጻፍበት ተባለ?» አለች ጠላፊዋ።

ሥራ አስኪያጇ ከቦርሳዋ ወረቀት አወጣች። ኮሚቴ የጻፈው ነው፤ «ላለፉት ሠላሳ አንድ ዓመታት ላበረከቱት ከፍተኛና ጉልህ አስተዋጽኦ» ብሎ ይጀምርና ትንፋሽ ሳይሰጥ አንድ ገጽ ይነጉዳል። «ይኼ እኮ ደብዳቤ ነው» አለች ጠላፊዋ። «ይኼን ልጥለፍ ካልኩ እሱም እኔም እናልቃለን። ሦስት ቃል ይበቃል።»

«ምን የሚል?»

«ፈጣሪ የሥራዎን ይስጥዎ።»

ሥራ አስኪያጇ ወረቀቱን አጠፈች። ይኼ ነገር መቼ እንደሚባል የማያውቅ የለም። የተበደለ ሰው፣ ምንም ማድረግ ሲያቅተው፣ በሩን ላዩ ላይ ዘግቶ ሲወጣ የሚለው ነው። «ይኼ… እርግማን አይሆንም?» አለች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ።

«ሥራው መልካም ለሆነ ሰው ምርቃት ነው። የእሳቸው ሥራ መልካም አልነበረም እንዴ?»

ሥራ አስኪያጇ ከንፈሯን ነከሰች። እሷም በመቀስ ሥር ስድስት ዓመት ፍዳዋን በልታለች። ትከሻዋ ሲንቀጠቀጥ ጠላፊዋ የምታለቅስ መስሏት ነበር፤ ስትስቅ ነው። «በጣም መልካም ነበር» አለች በመጨረሻ። «በኮሚቴ አሳልፈዋለሁ።» አሳለፈችውም። ከኮሚቴው ሁለቱ አልገባቸውም፣ ሦስቱ ገብቷቸው ዝም አሉ።

ድርጅቱ የላከው ጨርቅ ሻካራ ነበር። ጠላፊዋ ዳበሰችውና ወደ ጥግ ወረወረችው። ጠዋት እትዬ ወደ ሱቋ እስክትሄድ ጠብቃ ቁም ሳጥኑን ከፈተች። አልደብቃችሁም፣ የወሰደችው የሕፃኑን ጨርቅ ነው።

እትዬ ስትመለስ ጨርቁ ፍሬም ላይ ተወጥሮ፣ የመጀመሪያው ፊደል በእርሳስ ተነድፎበት አገኘችው። ቦርሳዋን እንኳ አላወረደችም።

«ለዚያ ሰውዬ?» አለች። «ለዚያ? ያለሽ ዓይን እኮ የአንድ ዓመት ነው! እሱ ላይ ልትጨርሺው ነው? ለእሱ ይኼ ይገባዋል?»

«ለእሱ አይገባውም» አለች ጠላፊዋ። «ፊቱ ግን ለእኔ ይገባኛል። አንድ ጊዜ፣ ሰው ሁሉ ባለበት፣ ይኼን ሲያነብ ፊቱን ልየው። ከዚያ ወዲያ ብታወርም ግድ የለኝም።»

«እንግዲያው አንድ ቀፋፊ ነገር ሞነጫጭረሽ ስጪውና ይብቃሽ! ሁለት ቀን አይፈጅም!»

«ቀፋፊውንማ መሳቢያ ውስጥ ይከተዋል» አለች። «ይኼ ሳሎኑ ግድግዳ ላይ ነው መሰቀል ያለበት። ሚስቱ ካልሰቀልኩት ሞቼ እገኛለሁ የምትለው፣ የመጣ እንግዳ ሁሉ ቆሞ የሚያነበው። እሱ ላውርደው ቢል ሰበብ የሚያጣለት።»

«የልጄስ ልጅ?»

«ይኼን ስጨርስ ይደርሳል።»

እንደማይደርስ ሁለቱም ያውቁታል። እትዬ ቦርሳዋን አወረደችና ጓዳ ገባች፤ ድስቱን ስታስቀምጠው ጎረቤት ሰማ።

ያን ያህል ሠርታ አታውቅም። ብርሃን መስኮቱን ሲነካ ትቀመጣለች፣ ብርሃን ሲሸሽ ትነሳለች። በዓይኗና በጨርቁ መሃል አንድ ስንዝር፣ በስንዝሩ ውስጥ ዘንግ ላይ የቆመ ማጉያ መነጽር። ፊደሎቹን ከቅርንጫፍና ከቅጠል ሠራቻቸው፤ አርባውን አረንጓዴ ደግማ ነከረች፣ አንዱም አልጠፋባትም። ጥላቻ እጅ ያንቀጥቅጣል የሚል ሰው ጠልቶ አያውቅም ማለት ነው፤ የእሷ እጅ እንዲያውም ጸና። አንዲት ቅጠል ከተንጋደደችባት የሦስት ቀን ሥራ ትፈታለች። የክሩን ጫፍ ሁሉ ከሌላ ክር ሥር እየሰወረች ጀርባውን በጣቷ ትዳብሰዋለች፣ መቀስ ገልብጦ ሲያይ እንከን አጥቶ እንዲያር። እየሠራችም ታወራዋለች። «ና ተቀመጥበት» ትለዋለች። «ይኼንንም ትራስ አድርገውና ልይህ!» ብቻዋን ትስቃለች። ደስ ብሏት ነበር። እውነቱን እንናገር ከተባለ፣ በአሥራ ዘጠኝ ዓመት ውስጥ እንደዚያ ደስ ብሏት አያውቅም።

በሁለተኛው ወር ልጅቷ ሆዷን ገፍታ መጣች። እንደ ልጅነቷ አክስቷ እግር ሥር ልትቀመጥ ሞከረች፣ አልሆነላትም፣ በርጩማ ሳበች። ጥልፉን ስታይ እጇን አፏ ላይ ጫነች። «አክስቴ! ይኼ ለእኔ ነው?»

እስከዚያን ቀን የተጠለፈው «ፈጣሪ» የሚለው ብቻ ነበር። እሷማ ለልጇ የተጻፈ ምርቃት መስሏት ነው።

ጠላፊዋ መርፌውን ጨርቁ ላይ እንደሰካች ቆየች። መዋሸት ትችል ነበር። «አይደለም» አለች። ሁሉንም ነገረቻት፣ ስለ መቀስም ስለ ሦስቱ ቃላትም። ልጅቷ የጨርቁን ጠርዝ በሁለት ጣቷ እያሸች አዳመጠቻት፤ ጨርቁንም አወቀችው መሰለኝ። «እና ሰውዬው ያስታውስሻል?» አለች።

«ሁለት ዓመቴ ላይ ተቀምጦ ኖሮ እንዴት ይረሳኛል?»

«ከረሳሽስ?»

«አስታውሰዋለኋ!» አለች ጠላፊዋ። «አሁን ያንን ጠቆር ያለውን አረንጓዴ አቀብዪኝ።» ልጅቷ አቀበለቻት። ሻይዋን ሳትጨርስም ተነስታ ሄደች።

«ይስጥዎ» ከሚለው «ስ»ን ጨርሳ «ጥ»ን ስትጀምር የእትዬ ስልክ ጮኸ። ምጥ መጥቷል። እትዬ ጫማዋን በአንድ እግሯ አጥልቃ፣ ሌላውን በእጇ ይዛ በሩ ላይ ቆመች። «ተነሺ!» አለች።

«ሂጂ፣ እደርስብሻለሁ።»

አልደረሰችባትም። አመሻሽ ላይ እትዬ ተመለሰች፤ ጠላፊዋ የመጨረሻዋን ብርሃን እየተሻማች ነበር። «ሴት ናት» አለች እትዬ ከበሩ ላይ። «ሦስት ኪሎ ከሁለት መቶ። አገጯ ያንቺው ነው።»

«እሰይ! እሰይ! እንኳን በሰላም ተገላገለች!» አለች ጠላፊዋ፤ ከማጉያው ግን ቀና አላለችም። «በምን ጠቀለላችኋት?»

«በሆስፒታሉ አንሶላ። ሦስት ጊዜ ‹አክስቴስ?› አለችኝ። ሥራ ላይ ናት አልኳት።»

«ሦስት ሳምንት ነው የቀረኝ እትዬ፣ ጨርሼ መጥቼ አያታለሁ።»

እትዬ አልመለሰችላትም። ከዚያን ቀን ጀምሮ ሳህን ታስቀምጥላታለች፣ ሳህን ታነሳለች፣ ጠብታውን በሰዓቱ ታደርግላታለች። አንድም ቃል ግን አልተነፈሰችም። እናንተ አንድ ቤት ውስጥ ሦስት ሳምንት ተዘግታችሁ ታውቃላችሁ? ግድግዳው ራሱ ያኮርፋል።

ስንብቱ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ነበር፣ በድርጅቱ አዳራሽ። እትዬ ጫማዋን አድርጋ ተከተለቻት፤ ለምን እንደምትመጣ አልተናገረችም፣ ደረጃ ሲደርሱ ብቻ ክንዷን ትይዛታለች። መንገድ ላይ ጠላፊዋ ሁለት ሰው ገጨች፣ አንድ የማታውቀውን ሰውዬ ደግሞ ሰላም አለችው። ነገሩን ጥድፊያ ነው ብላ ናቀችው። አዳራሹ ውስጥ ከኋላ፣ ግድግዳውን ተደግፈው ቆሙ። ከኋላ እንቁም ያለችው ራሷ ናት፤ እሱ ሳያያት እሷ ልታየው።

ንግግር ተደረገ፣ ለስላሳ ተከፈተ፣ ሌላ ንግግር ተደረገ። ከዚያ ሁለት ሴቶች ጥልፉን ግራና ቀኝ ይዘው ዘረጉት። አዳራሹ በአንድ ትንፋሽ «ውይ!» አለ። ከፊት የነበሩት ቅጠሉን ሊነኩት እጃቸውን ዘረጉ። የመቀስ ሚስት «ሳሎን! ሳሎን ነው የሚሰቀለው!» ስትል ጠላፊዋ ሰማች፤ አንጀቷ ቅቤ ጠጣ።

«እስቲ» አለ መቀስ ተነስቶ። ይኼን «እስቲ» የማያውቅ ሠራተኛ የለም። «እስቲ ጀርባውን።» ገለበጡለት። በጣቱ ሄደበት፣ ከዳር እስከ ዳር፣ ቀስ ብሎ። «ቋጠሮ የለውም» አለ። ድምፁ ለስለስ ብሎ ነበር። «እጅ ማለት ይኼ ነው። የማን ነው?»

አላወቃትም። ሁለት ዓመቷን የቀደደ ሰውዬ፣ እጇን በጣቱ ዳብሶ፣ የማን ነው ይላል! ጠላፊዋ ጥርሷን ነከሰች።

«ያንብቡልን እንጂ ጋሼ!» አለች ሥራ አስኪያጇ።

መልሰው አዞሩለት። በዚያ በሚኮራበት ወፍራም ድምፁ አነበበ፤ «ፈጣሪ… የሥራዎን… ይስጥዎ።»

ከዚያ ከጥግ አንዲት ሴት «አሜን!» አለች። ልብስ ተኳሿ ናት፤ እናቷ ስትሞት የሦስት ቀን ፈቃድ ለምና፣ ሄዳ ምን ልትፈይድ ነው ተብላ የተከለከለች።

አሜን ብዙ ዓይነት ነው። ሽማግሌ ሲመርቅ ዓይን ተጨፍኖ የሚባል አለ፣ ነገሩ ቶሎ እንዲያልቅ የሚባል አለ። ይኼኛው ከጥርስ መሃል የወጣ ነው። ቁልፍ ከሚተክሉት ሌላዋ «አሜን!» አለች። ከዚያ ሁለት፣ ከዚያ አምስት፣ ከዚያ ሃምሳ ሴት ባንድ ላይ፣ ጠረጴዛ እየደበደቡ፦ «አሜን! የሥራዎን! የሥራዎን ይስጥዎ! አሜን!» መቀስም ሊል የጀመራት «አሜ…» ጉሮሮው ላይ ቀረች። ሚስቱ «ምንድን ነው? ምን ሆነው ነው?» ትላለች።

እሰይ! እሰይ እንጂ! ይቺ ናት። አሥራ ዘጠኝ ዓመት፣ አራት ወር፣ አንድ የሕፃን ጨርቅ፣ ሁሉም ለዚች ደቂቃ ነው። ጠላፊዋ አንገቷን አሰገገችና ፊቱን አየች።

ፊት አልነበረም። ከአንድ ነጭ ነገር አጠገብ አንድ ጥቁር ነገር ቆሟል፤ ከጥቁሩ በላይ ቡናማ ነገር አለ። ዓይኗን ጨፍና ገለጠች። ቡናማው ነገር ዓይን የለውም፣ አፍም የለውም። ሥራ አስኪያጇም የላትም። አዳራሹ ውስጥ ፊት ያለው ሰው የለም። አራት ወር ሙሉ ከስንዝር የራቀ ነገር አላየችም፤ ከስንዝር ወዲያ ያለው ዓለም መቼ ጥሏት እንደሄደ ልብ አላለችም።

የሴቶቹ አሜን እየጋለ ነው። ደቂቃዋ ልታልፍ ነው።

«እትዬ» አለች፣ የእህቷን ክንድ ጭምቅ አድርጋ። «እትዬ፣ ፊቱ! ፊቱ ምን ይመስላል?»

እትዬ ወደ መድረኩ እያየች ነው። ዓይኗ ደህና ነው፤ ከመንገድ ማዶ የአውቶቡስ ቁጥር ታነባለች።

«ገረጣ? አጎነበሰ? እያለቀሰ ነው? እትዬ በሞቴ፣ አሁን እኮ ነው፣ ንገሪኝ!»

እትዬ ቸኩላ አልመለሰችላትም። እስኪበቃት አየች፣ ከላይ እስከ ታች፣ ምንም ሳይቀራት። ከዚያ ወደ ታናሽ እህቷ ዞረችና ከሦስት ሳምንት በኋላ የመጀመሪያ ቃሏን ተናገረች።

«አልነግርሽም» አለቻት።